ካቴናው ላልቶ፣ ዳዶው ጠብቆ

ፊደላችን አንድ ነገር ይደብቃል። «ገና» ተብሎ የተጻፈውን ቃል አላልቶ ላነበበው ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ አጥብቆ ላነበበው በዓል ነው። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ሰውዬው ተናገረ፤ ጠብቆ ሲነበብ ሰውዬው በቤቱ ነው። ጽሑፉ ላይ ምልክት የለም። የሚጠብቀውንና የሚላላውን መለየት የአንባቢው ፈንታ ነው፤ ከሳተ አንድ ፊደል ሳይገድፍ ትርጉሙን ያፈርሰዋል።

የሞተር ሳይክል የኋላ ጎማም እንዲሁ ነው። እዚያ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ካቴናው ነው፤ ላላ ማለት አለበት። ሌላው ጎማውን ከሞተሩ ጋር የሚያስረው የዘንጉ ዳዶ ነው፤ መጥበቅ አለበት። ሁለቱም የሚስተካከሉት ባንድ ቁጭታ፣ በአንድ ዓይነት መፍቻ፣ ባንድ ሰው እጅ ነው። አብዛኛው የጀማሪ ስህተትም ሁለቱን አቀያይሮ ከማንበብ የሚመጣ ነው፤ ካቴናውን ያጠብቃል፣ ዳዶውን በግምት ይተዋል።

ይህን ያወቅኩት ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ጭቃ ውስጥ ተቀምጬ ነው። እሱን በቦታው አወራዋለሁ። መጀመሪያ ከዕቃው ጋር እንተዋወቅ።

የሚያስርና የሚያስኬድ

በየወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤትና ጤና ጣቢያ ግቢ፣ ግድግዳ ጥግ የሚቆሙትን ሞተሮች አስቡ። ያማሃ ዲቲ፣ ያማሃ ኤጂ፣ ሆንዳ ኤክስኤል። ከመሬት ከፍ ያሉ ናቸው፤ ጎማቸው ጥርሳም ነው፤ የፊት ፓራፋንጓቸው ጭቃ እንዳይወትፈው ከጎማው ራቅ ብሎ ተሰቅሏል። አስፋልት አልቆ ፒስታ፣ ፒስታ አልቆ የእግር መንገድ በሚሆንበት አገር የክትባት ሣጥንም ሆነ የዘር ናሙና ከኋላ ታስሮ የሚደርሰው በእነሱ ነው።

የእነዚህ ሞተሮች ጉልበት ኋላ ጎማ ላይ የሚደርስበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ካቴናው። የካምቢዮው ዘንግ ከሞተሩ ጎን ብቅ በሚልበት ጫፍ ላይ ትንሽ ጥርሳም ክብ አለ፤ በጎማው ጎን ደግሞ ትልቅ ጥርሳም ክብ አለ። ጋራዥ ውስጥ ትንሹን ፒኞን፣ ትልቁን ኮሮና የሚሉ አሉ፤ እኔ የፊት ጥርስና የኋላ ጥርስ እያልኩ እቀጥላለሁ። የፊቱ 15፣ የኋላው 45 ጥርስ ካለው የፊቱ ሦስት ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል። ፍጥነት ይቀንሳል፣ ጉልበት ይጨምራል። ዳገት የሚወጣው በዚህ ነው።

«ካቴና» ራሱ ጣሊያን ጥሎልን ከሄደው የጋራዥ ቋንቋ ነው፤ ከቸርኬ፣ ከራጂ፣ ከፍሪሲዮንና ከካቻቪቴ ጋር አብሮ የገባ። ያው ቃል ፖሊስ እጅ ላይ የሚያጠልቀውም ብረት ስም ነው። እጅ ላይ ሲሆን ያስራል፤ ጎማ ላይ ሲሆን ያስኬዳል።

ዛሬ ሞተር ላይ የምናየው ካቴና ቅርጹን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። ሐንስ ሬኖልድ የሚባል በስዊዘርላንድ ተወልዶ በእንግሊዝ ማንቸስተር የሠራ መሐንዲስ በዚያ ዓመት ለዚህ አሠራር የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ከእሱ በፊት በነበሩት ካቴናዎች ሚስማሩ የሚፋተገው ከቀጭን ጠፍጣፋ ብረት ጠርዝ ጋር ስለነበረ ቶሎ ይበላ ነበር። ሬኖልድ በሚስማሩ ላይ ትንሽ ቱቦ አለበሰ፤ በቱቦው ላይ ደግሞ የሚሽከረከር ቀለበት አጠለቀ። ፍትጊያው በቱቦው ርዝመት ሁሉ ተከፋፈለ፤ ጥርሱን የሚነካውም የሚሽከረከረው ቀለበት ሆነ። ብስክሌት፣ ሞተር ሳይክል፣ የፋብሪካ ማሽን፣ ብዙው ከዚያ ወዲህ በዚህ ይሄዳል።

በካቴናው ጎን ላይ 428 ወይም 520 የሚል ቁጥር ታትሞ ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው አሃዝ ከአንዱ ሚስማር እስከ ቀጣዩ ያለውን ርቀት በኢንች ስምንተኛ ይናገራል። 428 ማለት አራት ስምንተኛ፣ ማለትም ግማሽ ኢንች ወይም 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ በመሥሪያ ቤት ሞተሮች ላይ የሚበዛው እሱ ነው። 520 ደግሞ አምስት ስምንተኛ፣ 15.875 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጉልበተኞቹ የሞቶክሮስ ሞተሮች ይጠቀሙበታል።

ካቴና ሳይለጠጥ ለምን ይረዝማል?

«ካቴናው ተለጠጠ» እንላለን። ብረቱ ግን እንደ ላስቲክ አልተለጠጠም። የሆነው ሚስማሩና ቱቦው ተፋትገው በየአንጓው ጥቂት መብላታቸው ነው። 130 አንጓ ያለው ካቴና እያንዳንዱ አንጓው 0.05 ሚሊ ሜትር ቢበላ፣ ይህ የፀጉር ውፍረት አያህልም፣ ጠቅላላ ርዝመቱ በ6.5 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ጠጠርና አቧራ ሲገባበት መብላቱ ይፈጥናል፤ አቧራ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል እንደ ሞረድ ይሞርዳል።

ስለዚህ ካቴና ማስተካከል ማለት የተበላውን ያህል ጎማውን ወደ ኋላ ገፋ ማድረግ ነው። ይህ ግን ወሰን አለው። አዲስ 428 ካቴና 20 አንጓው ተወጥሮ ሲለካ 254 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ520ው 16 አንጓም እንዲሁ 254 ይመጣል። ልኩ ወደ 259 ሲጠጋ ሁለት በመቶ ረዝሟል፣ ዕድሜው አልቋል። ሜትር ከሌላችሁ ካቴናውን ከኋላ ጥርሱ በስተጀርባ በጣታችሁ ይዛችሁ ሳቡት፤ ተነስቶ የጥርሱን ግማሽ ካጋለጠ በቃው። ጥርሶቹንም እዩ። ጫፋቸው እንደ ማጭድ ወደ አንድ ወገን ከቆለመመ፣ አዲስ ካቴና በአሮጌ ጥርስ ላይ መግጠም ገንዘብ መድፋት ነው፤ ሦስቱ አብረው ይለወጣሉ።

ለምን መላላት አለበት?

ጀማሪ ሁሉ የሚጠይቀው ይህን ነው፤ ካቴናው ከላላ ለምን አላጠብቀውም? መልሱ ያለው ክንዳችን ላይ ነው።

ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርጉ። ከትከሻ እስከ እጅ አንጓ ያለው ርቀት የሚበልጠው ክንዱ ቀጥ ሲል ነው። ክርናችሁን ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ብታጥፉት ርቀቱ ያጥራል። የሞተሩ የኋላ ጎማ የተያዘውም ከፍ ዝቅ በሚል ክንድ ነው። ትከሻው የፊት ጥርሱ ነው፤ ክርኑ የክንዱ ማጠፊያ ነው፤ የእጅ አንጓው የጎማው ዘንግ ነው። ማጠፊያው ከፊት ጥርሱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ስለሆነ ሦስቱ ነጥቦች ባንድ መስመር የሚውሉት ጎማው በመንገድ ጉብታ ተገፍቶ ወደ ላይ ሲወጣ ነው። በዚያች ቅጽበት በፊትና በኋላ ጥርስ መካከል ያለው ርቀት ከሁሉ ይበልጣል፤ ካቴናውም ከሁሉ ይበልጥ ይወጠራል።

ቆሞ ሳለ ላላ ያለው ካቴና እንግዲህ ትርፍ አይደለም፤ ለዚያች ቅጽበት የተቀመጠ ተቀማጭ ነው። ቆሞ ሳለ የተወጠረ ካቴና ጉብታ ላይ የሚሰጠው ስለሌለው ሌላ ነገር ይሰጣል። የካምቢዮውን ዘንግ ኩሽኔታ ይሰብራል፣ የዘይት ማገጃ ጎሚኒውን ያስተነፍሳል፣ የጎማውን ኩሽኔታ ይፈጫል፤ ካልሆነም ራሱ ይበጠሳል። ደግሞም ክንዱ እንደ ልቡ እንዳይታጠፍ ይይዘዋል፤ ሞተሩ አሞርቲዛተሩ የደረቀ ይመስል ይነጥራል።

ከልክ ያለፈ መላላትም ጠንቅ አለው። ካቴናው ክንዱን እየመታ ይቆርጠዋል፣ ከጥርሱ ይዘላል፤ ሲብስ ወርዶ በፊት ጥርሱና በሞተሩ ሣጥን መካከል ይሰነቀርና ሣጥኑን ይሰነጥቀዋል፣ ጎማውንም ባለበት ያስረዋል። ያን ጊዜ ካቴና የፖሊሱን ሥራ ሠራ ማለት ነው።

ልኩን የሚወስነው የየሞተሩ መመሪያ ነው። ለፒስታ የተሠሩት ብዙዎቹ ከ30 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ገደማ ወዲያና ወዲህ ማለት ይፈልጋሉ። ኋላቸው ብዙ የሚዋልለው የሞቶክሮስ ሞተሮች ወደ 50 እና 60 ይሄዳሉ። መመሪያው የሚለካበትን ቦታና ሁኔታም ይናገራል። አንዱ በጎን መቆሚያው ቆሞ ይለካ ይላል፤ ሌላው ጎማው ከመሬት ተነስቶ ይንጠልጠል ይላል። ባንዱ አኳኋን ለክቶ የሌላውን ቁጥር መያዝ ያሳስታል።

ፎገራ ላይ

ክረምቱ መግቢያ ላይ ነበር። የተዋስኩትን ሞተር ይዤ ከወረታ ወጣ ወዳለ ቀበሌ መሄድ ነበረብኝ። ሞተሩ ሲሄድ ካቴናው ክንዱን እየመታ ሰላም ስለነሳኝ ማለዳ ተነስቼ ራሴ አስተካከልኩት። ማስተካከል ያልኩት ማጥበቅን ነው። በጣቴ ስመታው እንደ ክራር አውታር እስኪሰማ ወጠርኩት። የዘንጉን ዳዶ ግን በእጄ የነበረው መፍቻ አጭር ስለሆነብኝ ትንሽ ገፋ አድርጌ በቃ አልኩ። ዳዶው እንዳይዞር የሚቆልፈው ሽቦ ስፈታው ተሰብሮ ስለነበረ ሌላ አላስገባሁም። ከዚያ በኩራት ሄድኩ።

ፎገራ ዋልካ ነው። ዝናብ የነካው ዋልካ ደግሞ ጎማ ላይ ይጋገራል፣ በክንዱና በጎማው መካከል ይታጨቃል። ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ ከኋላዬ የብረት ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ ጎማው ተሰነገ። ቀስ ብዬ እሄድ ስለነበር የወደቅኩት በጎኔ፣ ለስላሳ ጭቃ ላይ ነው። ተነስቼ ሳይ ጎማው በክንዱ መካከል አግድም ዞሯል፤ ካቴናው ወርዶ በኋላ ጥርሱና በክንዱ መካከል ተሰንቅሯል። ዳዶውን በሁለት ጣቴ ያዝኩት፤ ዞረልኝ።

በዚያ ያልፍ የነበረ አይሱዙ ለምኜው ከነሞተሩ ጭኖ ወረታ አደረሰኝ። ሞተሩን ያየልኝ ሰው ዕድሜው የገፋ መካኒክ ነበር። ካቴናውን አየ፣ ዳዶውን ነካ፣ ወደ እኔ ዞረ።

«ማነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«እንግዲያማ ልጄ፣ ካቴናውን በሁለት እጅህ አጥብቀህ ዳዶውን በሁለት ጣትህ ነው ያጠበቅከው።»

ሩብ ዙር

መካኒኩ ቶሎ መፍቻ አላነሳም። ሞተሩን ደልዳላ መሬት ላይ አቆመ፣ ካምቢዮውን ነፃ ላይ አደረገ፣ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ካቴናውን በነጭ ጋዝና በብሩሽ አጠበ። «ጭቃ አትለካም» አለኝ።

ካጠበ በኋላ ጎማውን በእጁ ቀስ እያለ አዞረ፣ በየመዳፍ ርቀት ካቴናውን በጣቱ እየነካ። ካቴና እኩል አይበላም፤ አንድ ቦታ ላይ ሌላው ከሚላላው ያነሰ ይላላል። ያን ጠባብ ቦታ አግኝቶ በጠመኔ ምልክት አደረገበት። ልኩ የሚወሰደው እዚያ ነው። በሚላላው ቦታ ለክቶ ያስተካከለ ሰው በጠባቡ ቦታ ወጥሮታል ማለት ነው፤ እኔ ያደረግኩት ይህን ነበር።

ከታችኛው ካቴና መሐል አጠገብ ሜትር አቆመ። ካቴናውን ወደ ታች ተጭኖ ቁጥሩን አየ፣ ወደ ላይ ገፍቶ እንደገና አየ። የሁለቱ ልዩነት ነው የላላበት ልክ።

ጎማውን ወደ ኋላ የሚገፋው መሣሪያ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በየክንዱ ጫፍ ያለ ረጅም ቡሎን ነው፤ ሌላው እንደ ቀንድ አውጣ ጀርባ የተጠማዘዘ፣ ጠርዙ የተነቀሰ ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ሲዞር ዘንጉን ወደ ኋላ ይገፋል። የእኔው ቀንድ አውጣ ነበር። ዳዶው ሲላላ አንዱ ወገን ሁለት ንቅስ ዘሎ ሌላው ባለበት ቀረ፤ ጎማው የዞረው ለዚህ ነው።

ቡሎን ባለው ሞተር ላይ ሥራው ከሚታሰበው ይበልጥ ጥቃቅን ነው። የተለመደው 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር 1.25 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በሁለቱ ጥርሶች መካከል 60 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላለው ሞተር ብናሰላው፣ ካቴናው 50 ሚሊ ሜትር ይላላ የነበረውን ወደ 40 ለማውረድ ዘንጉ ወደ ኋላ መሄድ ያለበት 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህ የአንድ ዙር ሲሶ አይሞላም። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው በሩብ ዙር ይሄዳል፤ ሩብ ዙር በግራ፣ ሩብ ዙር በቀኝ፣ ከዚያ መለካት። «አንድ ዙር ልስጠው» ያለ ሰው ልኩን አልፎታል።

ሁለቱ ወገን እኩል ካልሄዱ ጎማው ጠማማ ይሆናል፣ ካቴናውም ጥርሱን ከጎኑ ይበላል። ክንዱ ላይ የተነቀሱ ምልክቶች አሉ፤ መካኒኩ ግን አላመናቸውም። ሲባጎ አምጥቶ ከክንዱ ማጠፊያ መሐል እስከ ዘንጉ መሐል በግራ ለካ፣ ያንኑ ሲባጎ በቀኝ ዘረጋው። ቀጥሎ ከኋላ ቁጢጥ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፈነና አናጢ ጣውላ እንደሚያይ በካቴናው ላይ አሻግሮ አየ። ቀጥ ያለ መስመር ሲያይ ተነሳ።

ግማሽ ኩንታል በአንድ ስንዝር

አሁን ነገሩ ይገለበጣል። እስካሁን እጁ ለስላሳ ነበር፤ ዳዶው ላይ ሲደርስ እግሩን ተከለ።

ዘንጉን በቦታው የሚያቆየው ማስተካከያው ቡሎን ወይም ቀንድ አውጣው የሚመስለው ብዙ ነው። እነሱ ልክ ያሳያሉ እንጂ አያስሩም። የሚያስረው ዳዶው ነው። ዳዶው ሲጠብቅ የክንዱን ሁለት ጫፎች፣ በመካከል ያሉትን ቱቦዎችና የኩሽኔታዎቹን የውስጥ ቀለበት ባንድ ላይ ጨምቆ እንደ አንድ ብረት ያደርጋቸዋል። ጎማው በነፃ የሚዞረው የኩሽኔታው የውጭ ቀለበት ስለማይጨመቅ ነው። ያ ጭመቃ ከጎደለ ንዝረቱ ዳዶውን ያዞረዋል፣ ዘንጉ ይንሸራተታል፣ የቀረው እንደ እኔው ነው።

ከማጥበቁ በፊት መካኒኩ አንድ ጨርቅ ጠቅልሎ በላይኛው ካቴናና በኋላ ጥርሱ መካከል አስገባ፤ ጣቱን አርቆ ጎማውን በእጁ ወደ ኋላ አዞረ። ጨርቁ በጥርሱ ላይ ተጠቅልሎ ሲገባ ካቴናው ተወጠረና ዘንጉን ወደ ፊት ስቦ በማስተካከያዎቹ ላይ አስደገፈው። ዳዶውን ያጠበቀው እንደዚያ እንደተያዘ ነው። ይህ ካልተደረገ ዳዶው ሲጠብቅ ዘንጉን በጥቂቱ ያንቀሳቅሰዋል፤ የዘንጉ 0.4 ሚሊ ሜትር የካቴናውን 10 ሚሊ ሜትር እንደሚለውጥ አይተናል። ከዚያም ጨርቁን አውጥቶ እንደገና ለካ። ዳዶው ከጠበቀ በኋላ ያልተለካ ካቴና እንዳልተለካ ይቆጠራል።

ምን ያህል ይጥበቅ? ይህም በመመሪያው ተጽፏል፤ መለኪያው ኒውተን ሜትር ነው። ኬቲኤም ለገጠርና ለሞቶክሮስ ሞተሮቹ የኋላ ዘንግ ዳዶ 80 ይላል። ሆንዳ ለሲአርኤፍ 450 አር 128 ይላል። በእጅ ሲተረጎም፣ 25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ 80 ማለት 33 ኪሎ ያህል ክብደት ማሳረፍ ነው፤ 128 ማለት ደግሞ ከግማሽ ኩንታል ጥቂት የሚበልጥ። ግማሽ ኩንታል በአንድ ረጅም ስንዝር ጫፍ ላይ፤ እኔ በአጭር መፍቻ «ትንሽ ገፋ» ያደረግኩት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው።

ቶርክ መፍቻ ያለው ሰው ቁጥሩን ሞልቶ ቀጭ ሲልለት ያቆማል። የሌለው ሰው የመፍቻውን ርዝመት ለክቶ የራሱን ክብደት ማወቅ አለበት። መፍቻ ላይ ሜትር የሚያህል ቧንቧ ሰክቶ መወዝወዝ ግን ሌላው ጥፋት ነው፤ የዳዶውን ጥርስ ይልጣል፣ ዘንጉን ይለጥጣል። መጥበቅም ልክ አለው።

ብዙዎቹ የመሥሪያ ቤት ሞተሮች ዳዶ ጫፉ እንደ ዘውድ የተከፋፈለ ነው፤ በክፍተቱና በዘንጉ ቀዳዳ በኩል ሽቦ አልፎ ጫፉ ይታጠፋል። ክፍተቱና ቀዳዳው ካልተገጣጠሙ ዳዶውን ወደ ፊት ትንሽ ማስኬድ እንጂ ወደ ኋላ መመለስ አይገባም፤ ለሽቦ ሲባል ዳዶ አይላላም። ሽቦው አንድ ጊዜ ከታጠፈ ሁለተኛ አያገለግልም። አዳዲሶቹ የሞቶክሮስ ሞተሮች በሽቦ ፈንታ ራሱን የሚይዝ ዳዶ አላቸው፤ እሱም አርጅቶ በእጅ የሚዞር ከሆነ ይለወጣል።

የሚረሳው ፍሬን

እዚህ ላይ ሥራው ያለቀ የሚመስለው ሰው አለ። የኋላ ፍሬኑ በዘንግ ብረት የሚሳብ፣ በከበሮ ውስጥ የሚሠራ ከሆነ ግን አላለቀም። ጎማው ወደ ኋላ ሲሄድ ፔዳሉ ባለበት ስለሚቀር የሚስበው ብረት ይወጠራል፤ ፍሬኑ ሳይረገጥ መያዝ ይጀምራል። ከበሮው ይግላል፣ ሞተሩ ዳገት እንቢ ይላል፣ ነጂውም ካንዴላ ይለውጣል። መፍትሔው በብረቱ ጫፍ ያለችውን ማስተካከያ ዳዶ ጥቂት ማላላት ነው፤ ፔዳሉ ፍሬን ከመያዙ በፊት ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር በነፃ መውረድ አለበት። ከዚያ ጎማውን አንስቶ ማዞር፤ ሳይፋተግ ከዞረ ደህና ነው።

ካቴናው በክሊፕ የሚጋጠም ከሆነ ክሊፑንም እዩ። ክሊፑ ዓሣ ይመስላል፤ አንዱ ጫፍ ድፍን ነው፣ ሌላው እንደ ጭራ ክፍት። ድፍኑ ራሱ ካቴናው ወደሚሄድበት ይዞራል። ዓሣ ጭራውን አስቀድሞ አይዋኝም፤ ተገልብጦ የገባ ክሊፕ ድንጋይ ሲነካው ወልቆ ይወድቃል።

ዋልካና አቧራ

የመንገዱ ዓይነት ልኩን ያዛል። ዋልካ ውስጥ ጭቃው በጥርስና በካቴና መካከል ሲታጨቅ ካቴናው ራሱ ይወጠራል፤ ስለዚህ ለጭቃ ጉዞ በመመሪያው ልክ ውስጥ ወደሚላላው ጫፍ ማስጠጋት ብልህነት ነው። ያማሃ ኤጂን የነደፉት ሰዎች ይህን አስበው ካቴናውን ሙሉ በሙሉ በሽፋን ከልለውታል። ለእርሻ ሥራ የተሠራ ሞተር ስለሆነ ጭቃ እንደማይቀርለት ያውቁ ነበር።

ቅባት የሚቀባው ካቴናው ከጉዞ ሲመለስ፣ ሙቅ ሳለ ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ሚስማሩ ይሰርጋል። የካምቢዮ ዘይት ይበቃል። በታችኛው ካቴና የውስጥ ወገን ላይ ጠብ ጠብ ማድረግ፣ ጥቂት ቆይቶ ትርፉን በጨርቅ መጥረግ። ውጭ የተለደፈ ዘይት አቧራ ለመሰብሰብ እንጂ ለሌላ አይጠቅምም። በአንጓዎቹ መካከል ትናንሽ የጎማ ቀለበቶች ያሉት ካቴና ከሆነ በቤንዚን አይታጠብም፣ በሽቦ ብሩሽም አይፈተግም፤ ነጭ ጋዝና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ሞተሩን አስነስቶ ማርሽ ውስጥ አስገብቶ በሚዞር ካቴና ላይ ጨርቅ የሚይዝ ሰው አይቻለሁ። ካቴናና ጥርስ ጨርቁን ከያዙ ጣትን ለመጨመር ቅጽበት አይፈጅባቸውም። ጎማው በእጅ ይዞራል፤ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ኪስ ገብቶ።

ሁለት ሽቦ

መካኒኩ ሲጨርስ ሂሳብ ልጠይቀው ተነሳሁ። እሱ ግን መፍቻውን አንስቶ የጠበቀውን ዳዶ ፈታ፣ ቀንድ አውጣዎቹን በየተራ ወደ ኋላ መለሰና ጎማውን በእግሩ ገፋ አደረገው። ያን ሁሉ ሥራ አፈረሰው።

«አሁን አንተ» አለኝ፣ በርጩማ ስቦ እየተቀመጠ።

ጎማውን እስከ ጠመኔው ምልክት አዞርኩ። ለካሁ። አንድ ንቅስ በግራ፣ አንድ ንቅስ በቀኝ። ሲባጎውን ዘረጋሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁ። ጨርቁን አስገብቼ ጎማውን ወደ ኋላ አዞርኩ። ዳዶው ላይ ስደርስ በመፍቻው ተጫንኩ፤ «በቃ?» ብዬ ቀና ስል ራሱን ነቀነቀ። እንደገና ተጫንኩ። ሁለተኛ ስጠይቀው ዝም ብሎ በመዳፉ የራሱን ጭን መታ፤ ክብደትህን አውርድበት ማለቱ ነበር። ተረከዜ ከመሬት ብድግ እስኪል አወረድኩበት። ከዚያ ካቴናውን በጣቴ ነካሁት። ላላ ብሎ ተወዛወዘ፤ እንደ ክራር አልጮኸም።

የተቀበለኝ የሽቦውን ዋጋ ብቻ ነው። አንዱን ዳዶው ላይ ራሱ አጠፈልኝና ሁለት ትርፍ ጨመረልኝ። አንዷን በማግሥቱ ተጠቀምኩባት፤ አላምን ብዬ ዳዶውን ፈትቼ እንደገና ስላጠበቅኩት። ሁለተኛዋ እስካሁን የመሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ፣ ከመፍቻዎቹ ሥር አለች።